ይሉኝታ በማይደርስበት ባቡር ላይ



ለዚህች ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ አጭር ጥያቄ ነው። ሰው ማንም በማያውቀው አገር፣ ስሙን የሚጠራው በሌለበት ስፍራ ብቻውን ሲጓዝ መልካም ሆኖ እንዲገኝ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት በሕንድ አገር፣ በባቡር ውስጥ፣ ለሁለት ሰው በተሰጠች አንዲት መኝታ ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ የሆነውን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ወደ ክርክሩ እገባለሁ።

የምማረው በሕንድ ደቡብ ምሥራቅ የባሕር ጠረፍ በምትገኘው በቪሻካፓትናም ከተማ ነው። ከሦስት የአገሬ ልጆች ጋር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ምግብ የምናበስለውና ዕቃ የምናጥበው በተራ ነው። አንድ ቀን ማታ ከመካከላችን አንዱ፣ «አንተ ተራህ በደረሰ ቁጥር ወይ ፈተና አለብህ፣ ወይ ራስህን ያምሃል» አለኝ። እጅግ ተቆጣሁ። ስሜን እንዳጠፋው ቆጠርሁት። ለዳሴራ በዓል ትምህርት በተዘጋ ጊዜ ለማንም ሳላማክር ሻንጣዬን ይዤ ብቻዬን ወደ ሰሜን፣ በሂማልያ ተራሮች እግር ሥር ወዳለችው ወደ ሺምላ ለመሄድ ቆረጥሁ። በልቤም፣ «ከሰው ርቄ፣ ተራራ ላይ ወጥቼ ላስብ» አልሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ላስብ የሄድሁት ስለ ራሴ አልነበረም፤ እነርሱ ምን ያህል እንደ በደሉኝ ነበር።

ከቪሻካፓትናም እስከ ዴልሂ ባቡሩ ከሠላሳ ሰዓት በላይ ይጓዛል። ቲኬቱን የቆረጥሁት ዘግይቼ ስለ ነበር ሙሉ መኝታ አላገኘሁም። በሕንድ ባቡር ሙሉ መኝታ ባገኘና በወረፋ በሚጠብቅ ሰው መካከል አንድ ሦስተኛ ዓይነት ተሳፋሪ አለ። ቲኬቱን በእንግሊዝኛው አጠራር አር ኤ ሲ ይሉታል። ይህን ቲኬት የያዘ ሰው መሳፈር ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን በመተላለፊያው ጎን ያለችውን የታችኛዋን መኝታ ከሌላ ሰው ጋር እኩል ይካፈላል። ቀን ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጡባታል። ሌሊት ደግሞ ሁለቱ መቀመጫዎች ተዘርግተው አንድ መኝታ ይሆናሉ፤ መኝታው ግን የአንድ ሰው ልክ ነው። ሌላ ተሳፋሪ ከቀረ የእርሱ ስፍራ ለእነዚህ ለግማሾቹ በየተራቸው ይሰጣል። በዚያን ቀን የቀረ ሰው አልነበረም።

ግማሿ መኝታ የደረሰቻቸው ሰው ጡረታ የወጡ አዛውንት መምህር ነበሩ። ዴልሂ ወዳለችው ልጃቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ስነግራቸው ፊታቸው በራ፤ በድሮ ጊዜ ብዙ የሕንድ መምህራን ወደ አገራችን ሄደው እንዳስተማሩ አነሡልኝ። ከቤታቸው በጨርቅ ጠቅልለው ካመጡት ቂጣና አቻር ቆርሰው ሰጡኝ። «ቤታ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፤ በሂንዲ «ልጄ» ማለት ነው። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለ ነበር እግራቸውን ለመዘርጋት ሲሞክሩ አይ ነበር። ማታ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። «አንተ ወጣት ነህ፤ እንቅልፍ ይጫንሃል። ከሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አንተ ተኛ። ከሰባት እስከ ዐሥራ አንድ እኔ እተኛለሁ» አሉኝ። አመስግኜ ተስማማሁና ተኛሁ። እርሳቸው በግርጌዬ፣ መኝታዋ ከግድግዳው ጋር በምትገናኝበት ጠባብ ቦታ ተቀመጡ።

በሰባት ሰዓት እግሬን በእጃቸው ነካ አደረጉኝ። ነቃሁ። መንቃቴን በሚገባ አውቃለሁ፤ ባቡሩ በአንድ ትንሽ ጣቢያ ቆሞ እንደ ነበርና ከውጭ አንድ ሰው «ቻይ፣ ቻይ» እያለ ሻይ ይሸጥ እንደ ነበር እስከ አሁን ይሰማኛል። ዐይኔን ግን አልገለጥሁም። ቀስ ብለው «ቤታ» አሉኝ። ትንፋሼን እንደ ተኛ ሰው አረዘምሁት። ሦስተኛ ጊዜ አልነኩኝም። በአገራችን «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» ይባላል። ምሳሌውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ሲነጋ ተነሣሁ። አዛውንቱ ጋቢ የመሰለ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ራሳቸውን በመስኮቱ ብረት ላይ አስደግፈው፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለት ሻይ ገዙና አንዱን ሰጡኝ። «ደኅና ተኛህ?» አሉኝ። «አዎን፣ በጣም ደኅና» አልሁ። በሌሊት የዋሸሁትን በቀን ደገምሁት ማለት ነው። «መልካም፤ መንገደኛ እንቅልፍ ካገኘ ግማሹን መንገድ ጨረሰ» ብለው ፈገግ አሉ። ነቅቼ እንደ ነበር ዐውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቀኑን ሙሉ፣ ናግፑርን አልፈን ሜዳውን ስናቋርጥ፣ እውነቱን ልነግራቸው እየፈለግሁ አፌ ተሳሰረ። ዴልሂ ስንደርስ «አሁን እነግራቸዋለሁ» ብዬ ቃላት ስመርጥ፣ ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ተሸካሚ ሻንጣቸውን አንሥቶ ቀደመ። እርሳቸውም እያነከሱ ተከተሉትና ሕዝቡ ዋጣቸው። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ላይ ይነሣል። እኔ በሰፈሬ ያደግሁ ልጅ ነኝ። በአውቶቡስ ውስጥ አዛውንት ቆመው ቢያይ ተቀምጦ የሚቀር ሰው አይደለሁም። እንዲህ ያለውን ነገር በአዲስ አበባ ባደርግ ኖሮ «የእገሌ ልጅ ምን ነካው?» እባላለሁ። ታዲያ በሰፈሬ የሚነሣው ሰው በባቡሩ ላይ ለምን ተኛ? መልሱ አጭርና የሚያሳፍር ነው። በባቡሩ ላይ «የእገሌ ልጅ» የሚለኝ አልነበረም። ይሉኝታ ከእኔ ጋር ቲኬት አልቆረጠም ነበር።

ይሉኝታ የሚለው ቃላችን ራሱ ምን እንደሆነ ይናገራል። «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ነው፤ ሰዎች ምን ይሉኛል ብሎ መፍራት ነው። ስለዚህ ይሉኝታ «የሚሉ» ሰዎች ያስፈልጉታል። ዐይንና አንደበት ከሌሉ ይሉኝታ ሥራ ይፈታል። ሕሊና ግን ሌላ ነው። ሕሊና ምስክር አይጠራም፤ ራሱ ምስክር ነው። በሰፈራችን ስንኖር ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚሠሩ መለየት ያዳግተናል። ለአዛውንቱ የተነሣው ወጣት በይሉኝታ ተነሣ ወይስ በሕሊና? ከውጭ ለሚያየው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለራሱ ለወጣቱም አንድ ይመስሉታል። የሚለዩት ሰውየው ብቻውን ሲወጣ ነው። ስለዚህ ብቻን መጓዝ አገር ከማየት በላይ ነው፤ መልካምነታችን በምን ላይ እንደ ቆመ የሚታይበት ፈተና ነው።

በዚህ ሐሳብ ተይዤ ከዴልሂ በሌሊት ባቡር ተነሥቼ ጎሕ ሳይቀድ ካልካ ደረስሁ። ከካልካ እስከ ሺምላ የሚወስደው ትንሽ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1903 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የሐዲዱ ስፋት 76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ካልካ ከባሕር ወለል በላይ 656 ሜትር ላይ ናት። ባቡሩ 96 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ይወጣል፤ ለዚህም አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በመንገዱ ከ800 በላይ ድልድዮችና 102 ዋሻዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ባቡሩ ጥምዝምዙን እየዞረ ሲወጣ ከመጨረሻው ፉርጎ ሆኖ የፊተኛውን ማየት ይቻላል። ከታች የነበረው ቀርከሃና ቁጥቋጦ እየቀረ፣ ጥዱና የሊባኖስ ዝግባ ዘመድ የሆነው ዴዎዳር የተባለው ዛፍ ይመጣል።

በመንገዱ አጋማሽ ግድም ባሮግ የሚባል ጣቢያ አለ። ከጣቢያው አጠገብ ያለው 33ኛው ዋሻ ከሁሉ ይረዝማል፤ 1,143 ሜትር ነው። ተሳፋሪዎች ወርደው ሻይ ሲጠጡ የስሙን ታሪክ አንድ ጎረቤቴ ነገረኝ። እንደሚነገረው ኮሎኔል ባሮግ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ተራራውን ከሁለት ወገን እንዲፈለፍሉት ሠራተኞቹን አዘዘ። ሂሳቡ ተሳስቶ ስለ ነበር ሁለቱ ጫፎች ሳይገናኙ ቀሩ። መንግሥት አንድ ሩፒ ቀጣው። አንድ ሩፒ ብቻ! እርሱ ግን ኀፍረቱን መሸከም አቅቶት በሽጉጥ ራሱን ገደለ ይባላል። ያልተገናኘው ዋሻ ከአሁኑ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እስከ ዛሬ አለ። ትክክለኛውን መስመር በማግኘት የረዳው ደግሞ ባልኩ የተባለ ያልተማረ የተራራው ሰው ነው ይላሉ፤ በበትሩ ድንጋዩን እየመታ መንገዱን ጠቆመ ይባላል። በሺምላ የሚገኘው የባቡር ሙዚየም በባልኩ ስም ተሰይሟል።

በሙት ላይ አልፈርድም። ነገር ግን ታሪኩን ስሰማ መጀመሪያ፣ «ይህ ሰው የእኔ ተቃራኒ ነው፤ እርሱን ይሉኝታ ሲገድለው ከእኔ ላይ ይሉኝታ ጠፋ» አልሁ። ባቡሩ ወደ ዋሻው ገብቶ ጨለማ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ መስሎ ታየኝ። ሁለታችንም የተሳሳትነው አንድ ስሕተት ነው። እርሱ ሰዎች ያዩበትን ውድቀት ከሕይወቱ ሁሉ አስበልጦ ቆጠረው። እኔ ሰዎች ያላዩብኝን በደል እንዳልተደረገ ቆጠርሁት። ሁለታችንም የራሳችንን ዋጋ የመዘንነው በሌላ ሰው ዐይን ነው። ሕሊና ቢናገረን ኖሮ ለሁለታችን አንድ ነገር ይለን ነበር፤ «ተሳስተሃል፤ ተመለስና አስተካክል» ይለን ነበር። ይሉኝታ የሚያውቀው ፊትን መሸፈን ብቻ ነው። ሕሊና ግን ከወቀሰ በኋላ መንገድ ያሳያል።

ከሺምላ ከመድረሳችን በፊት ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 በጣለው ብርቱ ዝናብ ሰመር ሂል በሚባለው ስፍራ መሬቱ ተንዶ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቶ ነበር። ከሐዲዱ ሥር ያለውም አፈር ተጠርጎ ሐዲዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በኋላ ተጠግኖ ባቡሩ እንደገና መሄድ ጀመረ። ብረቱ ብቻ ቢታይ ሐዲዱ ሙሉ ነበር፤ ከሥሩ ግን መሬት አልነበረም። ሕሊና የሌለበት ጨዋነትም እንዲሁ ይመስለኛል። ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን ክብደት ያረፈበት ቀን ይታወቃል።

«እንግዲያው ይሉኝታን አውልቀን እንጣል ነው የምትለን?» የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ አላልሁም። ልጅ በመጀመሪያ ስርቆትን የሚተወው እናቱ እንዳታይበት ፈርቶ ነው፤ ውሎ አድሮ ግን እናቱ በሌለችበትም መስረቅ ይከብደዋል። ይሉኝታ የሕሊና ሞግዚት ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የሚመጣው ሃያ ዓመት ከሞላን በኋላም ከሞግዚቱ እጅ ሳንወጣ ስንቀር ነው። ሞግዚቱ ድንበር አይሻገርም። ከእኛ መካከል ደግሞ ለትምህርትና ለእንጀራ ድንበር የማይሻገር ጥቂት ነው።

ሌላው ደግሞ፣ «ይህ ሁሉ ክርክር ለአራት ሰዓት እንቅልፍ ነውን?» ይል ይሆናል። እኔም ራሴን እንዲህ ብዬ ላጽናና ሞክሬ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር አስቡ። ሰው ትልቁን በደል የሚፈጽምበት አጋጣሚ በሕይወቱ ጥቂት ነው፤ ሕግም፣ ፍርሃትም፣ ዳኛም ይከለክለዋል። ማንም የማይከለክለው በትንሹ ነገር ነው። ስለዚህ ሰው በትንሹ ነገር ውስጥ ማንነቱ ይበልጥ ይታያል። አራቱ ሰዓት ለእኔ ትንሽ ይሁን እንጂ ጉልበታቸው ለታመመው ሰው ትንሽ ሌሊት አልነበረም።

በዚሁ በባቡር ነገር የሕንዱን ጋንዲን ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1893 ወጣቱ ጠበቃ ጋንዲ በደቡብ አፍሪቃ የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዞ ሳለ በቆዳው ቀለም ምክንያት ፒተርማሪትስበርግ በተባለው ጣቢያ ከባቡር ተጣለ። ሌሊቱን በብርድ ብቻውን በመጠበቂያ ክፍል አደረ። ወደ አገሩ ቢመለስ የሚወቅሰው አልነበረም፤ እዚያው ቀርቶ አድልዎውን ለመቃወም የቆረጠው ግን በዚያች ሌሊት ነው። ወደ ሕንድ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ በሦስተኛ ማዕረግ ከድኾች ጋር ተጨናንቆ ይጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ስለዚሁ ማዕረግ በጻፈው ጽሑፍ አስተዳደሩን ስለ ተሳፋሪው እንግልት ወቀሰ፤ ነገር ግን በዚያ አላቆመም። በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ተሳፋሪዎቹንም ስለ ንጽሕና ጉድለታቸውና ስለ ራስ ወዳድነታቸው ወቀሰ። እኔ ጽሑፉን ሳነብ ያሳፈረኝ ይህ ሁለተኛው ወቀሳ ነው። መኝታ ለሁለት መሸጡን ማማረር ቀላል ነበር፤ የባሰው ግን ግማሹን የያዝሁት እኔ ሙሉውን መውሰዴ ነው።

በሺምላ ሦስት ቀን ቆየሁ። ከከተማዋ በላይ ጃኩ ወደሚባለው ኮረብታ ብቻዬን ወጣሁ። ሰማዩ ሲጠራ በስተሰሜን በበረዶ የተሸፈኑት ተራሮች ይታያሉ። ተመኝቼው የነበረውን ዝምታ አገኘሁት። ነገር ግን በዝምታው ውስጥ የቤት ጓደኞቼን ጥፋት ልቆጥር ስል የሚመጣብኝ የእነርሱ ድምፅ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ «ቤታ» የሚል ድምፅ ነበር። «ተራህ በደረሰ ቁጥር» ያለኝ ልጅ ልክ እንደ ነበር የገባኝ በዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዤ የሸሸሁትን ነገር በመጀመሪያው ሌሊት በመኝታዋ ላይ ራሴው አድርጌው ነበር።

ስለዚህ ብቸኝነትን አልነቅፈውም። አባቶች መነኮሳት ወደ በረሃ የሚወጡት ከሰው ዐይን ተሰውረው የፈለጉትን ሊያደርጉ አይደለም፤ ራሳቸውን የሚሸፍንላቸውን ጫጫታ ትተው ሊመረመሩ ነው። ብቸኝነት መልካም የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው። ክፉ የሚሆነው «ማንም አያየኝም» የሚል ፈቃድ ሲሆን ነው።

ስመለስ ሙሉ መኝታ ነበረኝ። ሌሊት በበሩ አጠገብ አንድ የቀን ሠራተኛ የሚመስል ልጅ ቆሞ አየሁ፤ ወደ መኝታዬ ጠራሁትና እስከ ናግፑር በተራ ተኛን። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ላመሰግን አይደለም፤ ዕዳዬ ተከፈለ ለማለትም አይደለም። የበደልሁት ሌላ፣ መኝታ ያካፈልሁት ሌላ ነው። ከእንግዲህ የማላገኘውን ሰው እንዴት ይቅርታ እንደምጠይቅ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ምናልባት እንዲህ ያለ ዕዳ የሚከፈል ሳይሆን፣ ተይዞ የሚኖርና ሰውን እንዳይተኛ የሚቀሰቅስ ይሆናል።

ቤት ስደርስ ለጓደኞቼ ሁሉንም ነገርኋቸው። ሲጨርሱ ይስቁብኛል ወይም ያዝኑብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ያ የወቀሰኝ ልጅ ወደ ወጥ ቤቱ ተመልክቶ፣ «እንግዲያው ያ ዕቃ የማን ተራ ነው?» አለ። እኔ ታጥቤ ታጥቤ ጨረስሁት።

እኅቶችና ወንድሞች፤ ነገ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ማንም ወደማያውቀን አገር እንሄድ ይሆናል። ያን ጊዜ «እዚህ ማን ያየኛል?» የምንለው ቃል እንደ ትንሽ ቃል እንዳይታየን። ሰው ብቻውን ሳለ የሚሠራው ሥራ የእውነተኛ ማንነቱ ልክ ነው። ሰባት ሰዓት ሲሆን የሚነካን እጅ ለሁላችንም ይመጣል። ዐይናችንን ለመግለጥ ከዛሬ ጀምረን እንለማመድ እላለሁ።